ሹራቤን የወደዱት የእሳት እራቶች

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ከረጢት በሶ ነው።

ሲግናል አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የባልትና ሱቅ አለኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ አጃ፣ የልጆች ምጥን እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ሱቁ የግቢያችን የፊት ክፍል ነው። ከኋላው መጋዘኔ አለ፤ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ደግሞ የአማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ክፍል ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከዚያ ወዲያ ባለው ቤት ነው።

ጥር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ነርስ የሆነች ደንበኛዬ ከእኔ የገዛችውን በሶ ይዛ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ስለነበሩ እስኪወጡ ጥግ ይዛ ጠበቀች። ከወጡ በኋላ ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ፈታችው። በሶው በቀጭን ድር ተያይዞ ጓል ጓል ሆኗል። አንዱን ጓል በጣቷ ስትከፍለው ከመሃሉ ነጣ ያለ ትንሽ ትል ተላወሰ።

"ልጆቼ ሳያዩት ነው ያመጣሁልሽ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ልስጥሽ ብላት "ሌላ ጊዜ" ብላ ሄደች። በአዲስ አበባ ሰው አፍ "ሌላ ጊዜ" ምን ማለት እንደሆነ ሱቅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ሱቁን ሦስት ቀን ዘጋሁ። ያለውን ሁሉ አውጥቼ ሸራ ላይ አሰጣሁ፣ ነፋሁ፣ የተጠራጠርኩትን ደፋሁ። መደርደሪያውን በበረኪና አጠብኩ፣ በአቼቶ ደገምኩት። እጄ ተላጠ። ሳምንት ሳይሞላ ጣሪያው ላይ ሁለት ትንንሽ የእሳት እራቶች ተለጥፈው አየሁ። ከጥፍር አይበልጡም። የክንፋቸው ግማሽ አመድ ይመስላል፣ ግማሹ መዳብ። እኛ ባለሱቆች ብል እንለዋለን። በመጥረጊያ መታኋቸው። በማግስቱ አራት ሆኑ።

ምክር የማይሰጥ ሰው አልነበረም። አንዷ ጤና አዳም አንጠልጥዪ አለችኝ፤ አንጠለጠልኩ፤ ብሎቹ ጤና አዳሙ ላይ ተቀምጠው አደሩ። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት አለችኝ። መድኃኒት እንዳልረጭ የምሸጠው የሚበላ ነገር ነው። ሌላዋ ደግሞ፣ ለሰው ችግር ሁልጊዜ መልስ የማታጣ ጎረቤታችን፣ "የሰው ዓይን ነው" ብላኝ ሽሮዋን ይዛ ወጣች።

እኔ ግን ጥፋተኛውን ያገኘሁት መሰለኝ። ከሱቄ ቀጥሎ ሚኒ ማርኬት ያለው ጎረቤቴ ከደቡብ የመጣ፣ ዝምተኛና ሥራ ወዳድ ሰው ነው። ለዓመታት በሩን ስንከፍት ሰላም ተባብለን፣ የጎደለን ተበዳድረን ኖረናል። በሩ ላይ አንድ ጆንያ ኦቾሎኒ አለው። አንድ ቀን ከጆንያው ላይ አንድ ብል ተነስቶ ሲበር አየሁ። በቃ፣ እሱ ነው አልኩ።

"ኦቾሎኒህን ፀሐይ አስመታው እንጂ፤ ይሄ ብል እኮ ካንተ ነው የሚመጣብኝ" አልኩት።

ከሚጽፍበት ደብተር ቀና ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ ካንቺ ወደ እኔ እንደማይመጣ በምን አወቅሽ?"

ተናደድኩ። ሲናደዱ ደግሞ ሰላምታ ማቆም ይቀላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ስንከፍት እሱ ወደ ላይ ያያል፣ እኔ ወደ ታች አያለሁ።

ልጄ የዕፅዋት ጥበቃ ተምራ ከከተማ ወጣ ባለ የአትክልት እርሻ ላይ ትሠራለች። በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ስትመጣ ነገሩን ነገርኳት፤ በቀጣዩ ጉዞዋ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ እንደ ድንኳን የሚታጠፉ ወረቀቶች አሉበት፤ ውስጣቸው ሙጫ የተቀባ። ሌላ ደግሞ በብርማ ከረጢት የታሸጉ ትንንሽ ነገሮች።

"ማሚ፣ ይሄ ፌሮሞን ትራፕ ነው" አለች።

"በአማርኛ ንገሪኝ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማስረዳት ትወዳለች፤ አባቷን አይደለም የወጣችው። ሴቷ የእሳት እራት ሲመሽ አንድ ቦታ ተቀምጣ የሆዷን ጫፍ ወደ ላይ ቀና ታደርጋለች አለችኝ። ከዚያ ጠረን ትለቃለች። እኛ አንሸተውም። ወንዱ ግን በአንቴናው ይይዘዋል፤ ጠረኑን የተሸከመውን ነፋስ እየተከተለ፣ ሲጠፋበት ግራ ቀኝ እየዞረ፣ መልሶ ሲያገኘው ወደፊት እየሄደ፣ ሴቷ ዘንድ ይደርሳል። ያንኑ ጠረን ሰዎች በላብራቶሪ ሠርተው እዚህ ከረጢት ውስጥ ባለች የጎማ ቁራጭ ላይ አስርገውታል። ወንዱ ሴት ያገኘ መስሎት ይመጣና ሙጫው ላይ ይቀራል።

"ሴቷስ?" አልኳት።

"ሴቷን አይዝም።"

"እንቁላል የምትጥለው እሷ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"ታዲያ የምትወልደውን ትቶ ወንዱን የሚለቅም ወጥመድ ምን ያደርግልኛል?"

ልጄ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ይህቺን ከእኔ ነው የወሰደችው። "ማሚ፣ ዋናው ጥቅሙ ምንጩን ማወቅ ነው። የተለያየ ቦታ ትሰቅይዋለሽ። ብዙ የተያዘበት ቦታ፣ ምንጩ ለዚያ ቅርብ ነው ማለት ነው። ከዚያ ምንጩን ታጠፊያለሽ። እና ጎማዋን በእጅሽ እንዳትነኪያት። በጓንት።"

"እሺ።"

"ማሚ፣ በጓንት።"

"ሰምቻለሁ።"

ሰምቼ ነበር። ግን ልጄ ሰኞ ጠዋት ሄደች፣ ጓንቱን የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሟል፣ መቀሱን ደግሞ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ወስዶ አልመለሰውም። ብርማውን ከረጢት በጥርሴ ቀደድኩት። ጎማዋ ተስፈንጥራ ደረቴ ላይ ወደቀች። በጣቴ አንስቼ ወጥመዱ ውስጥ አስገባኋት፤ ጣቴን ደግሞ ሹራቤ ላይ ጠረግኩ። ሦስቱንም እንደዚያ አደረግኩ። አንዱን ሱቁ ውስጥ፣ አንዱን መጋዘኑ፣ አንዱን ማዕድ ቤት ሰቀልኩ። ያ አመድማ የሱፍ ሹራብ ጠዋትና ማታ ከላዬ የማይወርድ ልብሴ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ደስ ብሎኝ ነበር። የመጋዘኑ ወጥመድ ውስጥ አምስት ስድስት ብሎች ተለጥፈው ይንቀጠቀጣሉ። በሁለተኛው ምሽት ሽሮ እየመዘንኩ ሳለ አንድ ብል መጥቶ እጅጌዬ ላይ ዐረፈ። እፍ አልኩት። ዞሮ መጣ። ሌላ ተጨመረ። ክንፋቸውን እያርገበገቡ እንደ እብድ ይሽከረከራሉ። ገዢዋ ሴትዮ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ሽሮውን፣ አንዴ እኔን አየች።

"ከውጭ ነው የሚገባው" አልኳት።

"እንዴታ" አለችኝ። ሽሮውን ግን ሩብ አስቀነሰችው።

ቁርጡን ያወቅኩት ወፍጮ ቤት ነው። የተቆላ ገብስ አስጭኜ ሄድኩ፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ሊመሽ ነው። ወፍጮ ቤት ማለት ደግሞ የብል ሀገር ነው፤ በየማዕዘኑ የተጠራቀመ ዱቄት አለ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንዱ ከጣሪያው ወረደ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ደረቴና እጅጌዬ ላይ ሰፈሩ። ባራግፍ ይመለሳሉ። ሰልፈኛው ከእኔ ራቅ ራቅ አለ።

ፈጪው እስከ ሽፋሽፍቱ በዱቄት ነጥቶ ብቅ አለ። "እትዬ፣ ምን ተቀብተሽ ነው? ስንት ጊዜ እዚህ ስሠራ ሰው ላይ እንዲህ ሲሰፍሩ አላየሁም።"

"ምንም አልተቀባሁም።"

ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ሴት አማተቡ። "ልጄ፣ ቀላል ነገር አይደለም ይሄ። እንጦጦ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ" አሉኝ። የሚያሾፉ አልነበሩም፤ ከልባቸው አዝነውልኝ ነው።

ላስረዳ ብዬ አፌን ከፈትኩ። "እትዬ፣ እንዲያ አይደለም። ወንዶች ናቸው። ሴት የሆንኩ መስሏቸው ነው።"

አንዱ ወጣት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። የተናገርኩትን እንደገና በጆሮዬ ስሰማው መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። የገብሱን ዱቄት ሳልጠብቅ ወጣሁ፤ ጠዋት ባለቤቴን ልኬ አስመጣሁት።

ከመንገድ ላይ ልጄ ዘንድ ደወልኩ።

"ማሚ፣ በእጅሽ ነካሻት?"

"አልነካኋትም።"

"ማሚ።"

"ትንሽ።"

በስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሹራቡን አውልቂ፣ በላስቲክ አስረሽ ጣዪ፣ በውሃ የሚለቅ ነገር አይደለም አለችኝ። ደህና ሹራብ የሚጣል መሰላት። በኦሞ ዘፍዝፌ ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ ሲደርቅ ለበስኩት። ብርድ ነበር።

የአማቼን እራት ብዙውን ጊዜ የሚያስገባላቸው ባለቤቴ ነው። በዚያን ቀን አምሽቶ ስለነበር እኔ ያዝኩ። አማቼ በጊዜ ነው የሚበሉት፤ ገና ፀሐይ ጥልቅ ከማለቷ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የኦሮምኛ ዜና ያዳምጣሉ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ከጣሪያው ማዕዘን አንድ ብል ተነሳ። ቀጥሎ ከመጋረጃው። ቀጥሎ ከአልጋው ሥር፣ አንድ በአንድ አይደለም፣ ተከታትለው። ሹራቤ ላይ መጥተው ይሽከረከሩ ጀመር። ወፍጮ ቤት ካየሁት ይበልጣሉ።

እንደቆምኩ ቀረሁ። አማቼ ራዲዮኑን ቀነስ አድርገው አዩኝ።

"ቢላቻው ወደደሽ" አሉኝ። ቢላቻ በኦሮምኛ ቢራቢሮ ነው።

"አባባ፣ እነዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ ከመቼ ጀምሮ ነው ያሉት?"

"ከከረሙ ቆዩ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

ሦስት ወር። ሦስት ወር ሙሉ እጄ እስኪላጥ በበረኪና አጥቤያለሁ፣ ጎረቤቴን ተቀይሜያለሁ፣ በወፍጮ ቤት ሰልፍ ፊት ተዋርጃለሁ። እሳቸው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጠው ብሎቹን ዜና ያሰሟቸዋል። ግን አማት ናቸውና ትሪውን አስተካክዬ፣ "ከአልጋው ሥር ምን አለ?" ብዬ ብቻ ጠየቅኩ።

"ዘር ነው" አሉ።

ተንበርክኬ ሳብኩት። ግማሽ ጆንያ ገብስ ነው። አፉ ላይ ድሩ ከመብዛቱ የተነሳ ነጭ ሻሽ ያለበሱት ይመስል ነበር።

አማቼ ገበሬ ነበሩ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ ፎቅና አስፋልት በሆነው ቦታ ላይ፣ ገብስና ባቄላ ያመርቱ ነበር። ከተማው ሲሰፋ መሬቱ ሄደ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ጥበቃ ሆነው ሠሩ። ገብሱ ከአባታቸው የወረሱት ዘር መሆኑን አውቅ ነበር፤ በየክረምቱ ግቢያችን ውስጥ አጥሩ ሥር ትንሽ ሲዘሩም አይ ነበር። እንደ ሽማግሌ ማሳለፊያ ነበር የምቆጥረው። ዘር እንዳያረጅ በየዓመቱ ተዘርቶ መታደስ እንዳለበት ማን ነግሮኝ።

"አባባ፣ ይሄ መጣል አለበት" አልኩ።

እንጀራውን ቆርሰው ሳይጠቀልሉ አስቀመጡት። "እኔንም አብረሽ አውጪኝ።"

"የምሸጠው ሁሉ እየተበላሸብኝ ነው እኮ። ደንበኛ አለቀብኝ።"

"እኔ ዘሩን እንዳላድሰው የምዘራበትን ቦታ ሲሚንቶ ያለበስሽው አንቺ ነሽ። ሁለት ክረምት አለፈው። የተቀመጠ ዘር ብል ይገባዋል። ጥፋቱ የኔ ነው?"

ሲሚንቶውን ያስደረግኩት በርበሬ ለማስጣት ነው። ስናስደርገው አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ሠራተኞቹን ቆመው አይተው ገቡ። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው የተስማማ ይመስለኛል።

ሹራቡን በዚያው ምሽት በላስቲክ ጠቅልዬ ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት። የተረፈው ዘሩ ነው። ባለቤቴን አባትህን አነጋግር አልኩት። "እኔ በእናንተ መሃል አልገባም" አለኝ። እሱ እኮ መሃላችን ነው፤ የአንዳችን ልጅ ነው፣ የሌላችን ባል። "ቀስ በያቸው" ብሎ ጨመረ፣ ፈጥኜ የማውቅ ይመስል።

በሳምንቱ ልጄ ስትመጣ አያቷ ክፍል ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

"አባባ፣ አይጣልም" አለቻቸው ገና ስትጀምር። "ፍሪዘር ውስጥ እናስገባዋለን። ሳምንት ያህል ከቆየ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል።"

"ዘሩስ?"

"ዘሩ ምንም አይሆንም።"

አማቼ ሳቁ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ግን ውርጭ አንድ ሌሊት ወርዶ ሙሉ ማሳ ሲያቃጥል ያየሁ ሰው ነኝ። ገብስን በበረዶ ላድነው ትይኛለሽ?"

"ውርጭ የሚገድለው ውሃ የያዘውን ቡቃያ ነው። ደረቅ ዘር ውስጥ የሚረጋ ውሃ የለም። ይተኛል እንጂ አይሞትም።"

ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው መሐረባቸው ላይ አደረጉ። "በዚህች ሞክሩ። ከሞተች ሌላውን አትነኩም።"

የእኛ ፍሪጅ በረዶ ቤቱ ከተበላሸ ቆይቷል። በሰፈሩ ውስጥ ደህና ፍሪዘር ያለው ማን ነው? ኦቾሎኒ ሻጩ ጎረቤቴ። ወደ እሱ ሱቅ ለመግባት ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ።

"ሰላም ነህ?" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለኝ። ብዕሩን አስቀመጠ። "የብሉ እናት ተገኘች?"

"ተገኘች።"

"የት?"

"እኛ ቤት።"

ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ይህ ነው ያቃጠለኝ። "ኦቾሎኒዬን የሰደብሽው ታዲያ?" አለ።

"ይቅርታ። ተሳስቻለሁ።"

"ለኦቾሎኒው ነው ወይስ ለኔ?"

"ለሁለታችሁም።"

ያን ጊዜ ሳቀ። ጉዳዬን ስነግረው ከጠረጴዛው ተነስቶ ፍሪዘሩን ከፈተና እፍኟን ገብስ በላስቲክ አስሮ በሚሸጣቸው የቀዘቀዙ ዶሮዎች መሃል ቦታ ሰጣት። ለእኔ የተሰጠኝን ዓይነት ወጥመድም እንዳመጣለት ጠየቀኝ። አመጣሁለት። በጓንት ከፈትኩት።

አማቼ ግን ዘራቸውን ለፍሪዘር አምነው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። በየጠዋቱ ካፖርታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። "እስቲ አሳየኝ" ይላሉ። ጎረቤቴ ገዢ ትቶ ዶሮዎቹን እያገላበጠ ያሳያቸዋል። ላስቲኩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ "ደነዘዘች" ብለው ይመለሳሉ። አይሂዱ ብዬ ብለምን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በማግስቱ ማታ ነው የመጣው። ለልጄ ብደውልላት እንደ አዲስ ጀምሩ አለች። ጎረቤቴ የቀለጠበትን ዶሮ ሸጦ ለመጨረስ ሲሯሯጥ አማቼ ቆመው ስለ ገብስ ያወሩታል። አንድ ቀን እንኳን ፊቱን አላጠቆረባቸውም። እኔ ብሆን አባርራቸው ነበር።

ሳምንቱ ሲሞላ ዘሯ ወጣች። አማቼ ሁለት ሳህን አምጪልኝ አሉ። በአንዱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው ከፍሪዘር የወጣውን ዘር አሰለፉበት። በሌላው ላይ ከጆንያው የወሰዱትን፣ ብርድ ያላየውን፣ ያንኑ ያህል አሰለፉ። ልጄ ይህን ስትሰማ በስልክ ሳቀች። "ማሚ፣ አባባ ኮንትሮል፣ ማነጻጸሪያ፣ እየሠሩ ነው። ማንም አልነገራቸውም አይደል?" ማንም አልነገራቸውም። ሁለቱ ሳህኖች ራዲዮኑ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔም እራት ሳስገባ አያቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ነጭ ነጭ ሥር ብቅ አለ። በአምስተኛው ቀን ፍሪዘር የገባው ጥቂት ብቻ ሲቀረው በቅሏል። ያልገባውም በቅሏል፤ ግን ከእሱ መሃል ሁለት ትል ወጥቶ ጨርቁ ላይ ይንፏቀቃል።

ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም አዩ። ከዚያ ጆንያውን በእግራቸው ወደ በሩ ገፋ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ነው ዕድሜዬን የጨረሰው። ጆንያው ፍሪዘር ውስጥ አንድ ጊዜ አይገባም፤ በየተራ በትንሽ በትንሹ ማስገባት ነበረብን። ከመግባቱ በፊት መነፋት፣ ከወጣ በኋላ መለቀም አለበት። ሲሚንቶው ላይ ሰፌድ ይዘን እንቀመጣለን፤ እኔ በፍጥነት አበጥራለሁ፣ እሳቸው አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ ወደ ብርሃን ያያሉ። "ይሄ ሆዱ ተበልቷል፣ ይሄ ደህና ነው።" በሱቁ በር ሰው ይጠራኛል፣ እሳቸው ገና አንድ እፍኝ አልጨረሱም።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ወጥመዱን አምጪልኝ አሉኝ። ዘሩ ከተገኘ በኋላ ክፍላቸው ሰቅዬው የነበረውን አወረድኩት። ውስጡ በብል ተሞልቷል። አገላብጠው አዩት፤ መሃል ላይ ያለችውን ጎማ በስንጥር ነካ አደረጓት።

"ይቺ ናት ሴቷ?"

"ጠረኗ ነው።"

"እነዚህ ሁሉ ሴት አለች ብለው ነው የመጡት።"

"አዎ።"

ስንጥሩን አስቀመጡ። "ሚስቴ የሞተች ሰሞን" አሉ፣ "የሷን ነጠላ ከቁምሳጥኑ ማውጣት አልቻልኩም። በሩን ስከፍት እሷ ያለች ይመስለኝ ነበር። አንቺ ነሽ አጥበሽ ለሰው የሰጠሽው።"

እኔ ነኝ። ልረዳቸው ብዬ ነው። ያን ጊዜም አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ይቅርታ ልላቸው ስል፣ "ይሄኛውም ተበልቷል" ብለው አንድ ፍሬ ወደ ጎን አስቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ለቀማው ላይ አላጣደፍኳቸውም። ላጣድፋቸው እያልኩ እንደምቃጠል ግን አልደብቅም።

ሰኔ ሲገባ ዘሩን ከእንጦጦ ወዲያ ላለው የእህታቸው ልጅ እንድንወስድላቸው ጠየቁ። እሱ አሁንም ያርሳል። በእሑድ ቀን በባለቤቴ አሮጌ መኪና ወጣን። አማቼ ከፊት፣ ጆንያው በጉልበታቸው መሃል፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑ መሽተት ሲጀምር ባለቤቴ "ጆንያው ከብዶት ነው" አለ። መኪናውን ለማቀዝቀዝ እንጦጦ ፓርክ አጠገብ ቆምን። ወጣቶች ሳይክል ተከራይተው እየተሳሳቁ ያልፋሉ። አማቼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ቁልቁል ወደ ከተማው ያያሉ። መሬታቸው የቱ ጋ እንደነበር እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን አንስተው ቆዩ፣ ከዚያ መለሱት። "ከዚህ አይለይም" አሉ።

የእህታቸው ልጅ ማሳውን አርሶ ጠብቆናል። በኦሮምኛ እየተነጋገሩ ሄዱ፤ እኔ ግማሹን ነው የምይዘው። ጆንያውን ፈታው፣ ገብሱን በመዳፉ አገላበጠ፣ አንዱን ፍሬ በጥርሱ ሰበረ፣ ራሱን ነቀነቀ። አማቼ ጫማቸውን አወለቁ። የጉልበት ሕመም አለባቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ሰው ነው የሚደግፋቸው። እዚያ ግን ብቻቸውን ትልሙ ውስጥ ገብተው የመጀመሪያውን እፍኝ በተኑ። እጃቸው አልረሳም ነበር። አንድ ጊዜ እስከ ዳር ሄደው ተመለሱና ለእህታቸው ልጅ ጆንያውን ሰጡት።

ባለቤቴ ዞር ብሎ መኪናውን ያይ ጀመር። መኪናው ምንም አልሆነም ነበር።

እኔ ይህን ስጽፍ ነገሩ አልቆ ተገላገልኩ ማለት አምሮኝ ነበር። መጋዘኔ ንጹሕ ነው፤ ወጥመዶቹ ውስጥ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ብል ቢገኝ ነው። አማቼ ግን ክፍላቸው ባዶ ሆነባቸውና ሱቄ ውስጥ መዋል ጀመሩ። ወንበር ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ። ለገባ ሰው ሁሉ ስለ ብል ያስረዳሉ፤ ሴቷ እንዴት ጅራቷን እንደምታነሳ፣ ወንዱ እንዴት እንደሚመጣ። "እዚህ ሱቅ ውስጥ ብዙ ነበር" ብለው ይጀምራሉ። ባልትና ሱቅ ውስጥ። በዓይኔ እለምናቸዋለሁ። አያዩኝም። ሲሚንቶዬ ላይ ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አፈር ተሞልቶ ተቀምጧል፤ ከጆንያው ያስቀሩትን ዘርተውበት ቡቃያው ወጥቷል፤ ውሃው በርበሬ ወደማሰጣበት ይፈሳል።

ትናንት የእህታቸው ልጅ ደወለ። እንጦጦ ማዶ በረዶ ጥሏል፤ የገብሱን የተወሰነ ክፍል አጋድሞታል፣ ሌላው ቆሟል አለ። አማቼ ሄጄ ካላየሁ አሉ። ባለቤቴ መኪናው ጋራዥ ነው አለ፤ እውነቱን ነው፣ ፍሪሲዮኑ ነው። መኪናው ሰኞ ይደርሳል አልኳቸው፣ የእህትዎ ልጅ ፎቶ ይልካል አልኳቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝ። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ለኔ የገበያ ቀን ነው እኮ።"

"ሥሪ እንጂ፣ ማን ያዘሽ። እኔ በታክሲ እሄዳለሁ።"

በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ጭቃ፣ ታክሲ እየቀያየሩ። ጎረቤቴ ከበሩ ሆኖ ያየናል። ቁልፉን ሰጠሁት፤ ሰው ከመጣ ሽሮው ከላይኛው መደርደሪያ ነው፣ በሶው ከታች አልኩት። ከዚያ የአማቼን ክንድ ይዤ፣ እያጉረመረምኩ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣን።